የዋዜማ ታሪክ፦ በዓልና ቤተሰብ በኮልፌ

የበዓላት ታሪክ በአብዛኛው የተጻፈው ከሁለት ሥፍራዎች ሆኖ ነው፤ ከቤተ መንግሥት አዳራሽና ከቤተ እምነት ደጃፍ። የዳግማዊ ምኒልክ የግብር አዳራሽ በሺህ የሚቆጠር ሰው በየተራ እያስገባ ያበላ እንደነበር፣ የጥምቀት ታቦታት በምን ሥርዓት ወደ ጃን ሜዳ እንደሚወርዱ፣ የመስቀል ደመራ እንዴት እንደሚለኮስ አያሌ ጸሐፊዎች ዘግበዋል። የበዓሉ ቀን ከመድረሱ አስቀድሞ ባሉት ሁለትና ሦስት ሳምንታት በአንድ ተራ ቤት ውስጥ የሚሆነው ግን፣ ሒሳቡና ብድሩ፣ ጭቅጭቁና ሽርጉዱ፣ ሥጋቱና ሳቁ፣ ታሪክ ተብሎ አልተመዘገበም። ይሁንና የአንድ ኅብረተሰብ እውነተኛ ኑሮ ከበዓሉ ቀን ይልቅ በዋዜማው ይገለጣል። በበዓል ቀን ሁሉም ቤት የጠገበ ይመስላል። ማን በምን እንደጠገበ፣ ማንስ ደክሞ ማንን እንዳጠገበ የሚታወቀው በዋዜማው ነው።

ለዚህ ዓይነቱ ታሪክ በአዲስ አበባ ምዕራባዊ ዳርቻ የሚገኘው ኮልፌ ተስማሚ ሥፍራ ነው። የኮልፌ ስም በውጭው ዓለም የተሰማው በ1954 ዓ.ም. ኔልሰን ማንዴላ በዚያ በነበረው የፈጥኖ ደራሽ ፖሊስ ሠፈር ወታደራዊ ሥልጠና በመውሰዳቸው ነው። ከዚያ ሠፈር አጥር ውጪ ያለው ኮልፌ ግን ሐውልት ያልቆመለት የራሱ ታሪክ አለው። በኦሮምኛ ሳቅ «ኮልፋ» ይባላል። የሠፈሩ ስም ከዚህ ቃል ጋር መቀራረቡ ለበዓል ወሬ የሚስማማ ቢሆንም፣ በዚያ ሠፈር ሳቅ ያለ ላብ ተገኝቶ አያውቅም።

ኮልፌን ኮልፌ ያደረገው በመሠረቱ ገበያ ነው። የኢጣልያ ፋሺስት ጦር አዲስ አበባን ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በያዘበት ጊዜ፣ የከተማዪቱን ነዋሪ በዘር ለይቶ ለማስፈር ባወጣው ፕላን መሠረት በጊዮርጊስ አካባቢ የነበረውን የአራዳ ገበያ ወደ ምዕራብ አዛወረው። በዚህም የዛሬው መርካቶ ተወለደ። መርካቶ እያደገ ሲሄድ ሸክሙን የሚሸከሙለት፣ ልብሱን የሚሰፉለት፣ ዕቃውን በጉልት የሚቸረችሩለት ሰዎች ማደሪያ አስፈለጋቸው። ከጉራጌና ከስልጤ፣ ከጋሞ ደጋ፣ ከሸዋ ገጠር፣ ከወሎ የመጡ ቤተሰቦች ከገበያው በስተጀርባ ባለው ዳገትና ሜዳ ላይ የጭቃ ቤት እየመረጉ ተቀመጡ። ለቤቱ ማገርና ዋልታ የሚሆነው የባሕር ዛፍ እዚያው ይሸጥ ነበር፤ አጠና ተራ የሚለው የሠፈር ስም እስከ ዛሬ የዚህ ምስክር ነው። በ1999 ዓ.ም. በተካሄደው የሕዝብ ቆጠራ የኮልፌ ቀራንዮ ክፍለ ከተማ ነዋሪ ከ4 መቶ 28 ሺህ በላይ ሆኖ በመገኘቱ፣ ከከተማዪቱ ክፍላተ ከተማ ሁሉ በሕዝብ ብዛት የላቀ ነበር። ሙስሊሙና ክርስቲያኑ፣ ጉራጌውና ኦሮሞው፣ ጋሞውና አማራው በአንድ ግቢ፣ አንዳንዴም በአንድ ግድግዳ ተለያይቶ የሚኖርበት ይህ ሠፈር፣ በዓመት ውስጥ የሌላ የማይባል ብዙ በዓል አለው።

የበዓል ዋዜማ የመጀመሪያው ጭንቀት ገንዘብ ነው። የደመወዝ ቀንና የበዓል ቀን በአንድ ግቢ እንደሚኖሩ ሁለት ኩርፈኞች ናቸው፤ ሰላም የሚባባሉት አልፎ አልፎ ነው። ገና በታኅሣሥ መጨረሻ ስለሚውል የወሩ ደመወዝ ይደርስለታል። መስከረም ግን የቤተሰብን አንገት የሚያስደፋ ወር ነው። ዕንቁጣጣሽ በ1፣ መስቀል በ17 ይውላል፤ በሁለቱ መካከል የልጆች ደብተር፣ የደንብ ልብስና ጫማ አለ። ከእነርሱ በፊት ያለችው ጳጉሜንም አምስት ወይም ስድስት ቀን ሙሉ ቁርስ፣ ምሳና እራት ስትጠይቅ ደመወዝ ግን የላትም። የወር ደመወዝተኛ የሆነ የኮልፌ ፖሊስ፣ መምህር ወይም የፋብሪካ ሠራተኛ በአሥራ ሦስት ወር ፀሐይ እየሞቀ በአሥራ ሁለት ወር ደመወዝ የሚኖር ሰው ነው። የቀን ሠራተኛው ደግሞ በዓል በመጣ ቁጥር ሥራ ስለሚዘጋ፣ ወጪው በጨመረበት ቀን ገቢው ይቋረጥበታል።

ከዚህ የተነሣ የዋዜማው ንግግር በየቤቱ ይመሳሰላል። አባወራው በግ ደጁ ላይ ካልታሰረ በዓሉ የመጣ አይመስለውም። እማወራዋ ሽንኩርቱን፣ ቅቤውን፣ በርበሬውን፣ ዘይቱንና ዱቄቱን በጣቷ ቆጥራ ከበጉ ዋጋ እንደሚበልጥ ታስረዳዋለች። ልጆቹ የሚሰሙት የጫማቸው ነገር በክርክሩ መካከል ተነሥቶ እንደሆነ ነው። የጎረቤት በግ ድምፅ በተሰማ ጊዜ ክርክሩ ይከርራል፤ ከበጉ ሥጋ ይልቅ «ሳይታረድ ዋለ» መባሉ ስለሚያስፈራ ነው። ይህ ፍርሃት በብዙ ሰዎች ዘንድ እንደ ከንቱ ውዳሴ ይቆጠራል። ነገር ግን ከገጠር መጥቶ ከተማ ላይ ቤት ላቆመ ሰው በደጁ የሚታረደው በግ፣ ስደቱ መና እንዳልቀረ ለጎረቤትም ለራሱም የሚያሳይበት ማስረጃ ነበር። የሚገርመው ደግሞ በጉ ገብቶ ከታሰረ በኋላ የሚሆነው ነው። ሌሊቱን ሲጮህ ያድራል፤ ልጆቹ ሣር ያበሉታል፣ ስም ያወጡለታል፤ በታረደ ጊዜ ያለቅሳሉ፤ ጥብሱ ሲቀርብ ግን ከሁሉ ቀድመው ይሰየማሉ።

ገንዘቡ ተገኘም ተበደረም ቀጥሎ የሚመጣው ሥራ ነው። በቀደመው ዘመን የጭቃው ቤት ግድግዳ ለበዓል እንደገና ይመረጋል፤ በውስጥ በኩል በዱቄት ሙጫ ጋዜጣ ይለጠፍበታል። የአዲስ ዘመን ገጾች ብዙ የኮልፌ ልጅ ፊደል አጥንቶባቸዋል፤ ርዕሱ ተዘቅዝቆ የተለጠፈ እንደሆነም ልጁ አንገቱን አዙሮ ማንበብን ለምዷል። ጌሾው ይወቀጣል፤ ብቅሉ ይፈጫል፤ ጋኑ ታጥቦ በወይራ ይታጠናል፤ ጠላው ይጠነሰሳል። በሙስሊሙ ቤት ቀሪቦው ይዘጋጃል። ቅቤው በኮረሪማ፣ በኮሰረትና በበሶብላ ይነጠራል። ድፎው ዳቦ ይቦካል፤ ኮባው ከገበያ ይመጣል። የፋሲካ ዋዜማ በሆነ ጊዜ፣ የቀዳም ሹር ቄጤማ በግንባር ላይ ከታሰረ በኋላ፣ ሽንኩርቱ ተልጦና ደቆ ከቀትር እስከ ማታ በእሳት ላይ ይቁላላል፤ ዶሮው በ12 ብልት ተበልቶ በሎሚና በጨው ደጋግሞ ይታጠባል። ሌላው ቤተሰብ ከቤተ ክርስቲያን ተመልሶ ሌሊት ሲገድፍ፣ ወጡን የሠራችው እናት ዓይኗ በጭስ ቀልቶ፣ ጣቷ በቢላዋ ተቆርጦ፣ ከማዕዱ መጨረሻ ትቀመጣለች። አጠገቧ ደግሞ ከሁሉም ያነሰ የሚነገርላት የቤት ሠራተኛዋ አለች። የእናቷን ቤት በዓል ትታ የሰው ቤት በዓል ታደምቃለች።

የቤቱ ደመወዝ ስንት እንደሆነ ይታወቃል፤ የበጉም ዋጋ ይታወቃል። የእነዚህ ሴቶች ሥራ ግን በየትኛውም መዝገብ አልገባም። የዋዜማ ታሪክ ዋና ጥያቄ ይህ ነው። ወደዚያ ከመድረስ በፊት ግን የኮልፌ ሰው ሌላውን ጭንቀት፣ ማለትም የገንዘብን እጥረት፣ በምን ዘዴ እንደተቋቋመው መመልከት ያስፈልጋል።

ዘዴው ቅርጫ ነው። ለብቻው በሬ መግዛት የማይችል አባወራ ከአሥርና ከአሥራ አምስት ጎረቤቶቹ ጋር ገንዘብ ያዋጣል። ከብት የሚያውቁ ሁለትና ሦስት ሰዎች ተመርጠው ገበያ ይወጣሉ፤ የበሬውን ሻኛና ጎድን በእጃቸው ዳስሰው፣ ተከራክረው፣ ነድተው ይመጣሉ። በበዓሉ ማለዳ በሬው ታርዶ ሥጋው በቅጠል ላይ በመደብ በመደብ ይደረደራል። ከጉበቱም፣ ከጨጓራውም፣ ከሻኛውም፣ ከአጥንቱም ለእያንዳንዱ መደብ ይደርሳል። ሥጋው ከተስተካከለ በኋላ ዕጣ ይጣላል፤ ማንም የፈለገውን መደብ መምረጥ አይችልም። ቆዳው ተሸጦ ገንዘቡ ወደ ማኅበሩ ይመለሳል። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የሚለው ተረት እንደ ቅርጫ በተግባር የተተረጎመበት ቦታ የለም። በ1960ዎቹ ማገባደጃ «መደብ» የሚለው ቃል በየስብሰባውና በየጽሑፉ የሰውን ከሰው መለያየት ሲያመለክት፣ በኮልፌ ግቢዎች ግን ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም መደብ ማለት እኩል ድርሻ ነበር።

ከቅርጫው ጎን ዕቁብና ዕድር ቆመዋል። ለበዓል ይደርሰኛል ብሎ ዕጣውን የሚጠብቅ፣ ካልደረሰውም ከደረሰው ሰው ላይ በልመና የሚገዛ የዕቁብ አባል ብዙ ነው። ዕድሩ የሐዘን ማኅበር ቢሆንም ድንኳኑ፣ ብረት ድስቱና አግዳሚው ለደስታም ይሠራል። በሙስሊሙ በኩል ሃይማኖቱ ራሱ የመካፈልን ሕግ ደንግጓል። በአረፋ አንድ የቀንድ ከብት ለሰባት ሰዎች የዑድሒያ መሥዋዕት ይሆናል፤ ከሥጋውም ለችግረኛ ይሰጣል። የረመዳን ጾም ሲፈታም ከዒድ ሶላት በፊት ለድሃ የሚሰጠው ዘካተል ፊጥር በቤተሰቡ ቁጥር ልክ በእህል ይሰፈራል። ስለሆነም በኮልፌ በአንድ ሠፈር ሁለት የእርድ ሥርዓት ቢኖርም፣ የአከፋፈሉ ሐሳብ አንድ ነው።

ይህን ጉርብትና ሕግ ያወቀው ዘግይቶ ነው። እስከ 1966 ዓ.ም. ድረስ በመላ አገሪቱ የሥራ መዝጊያ ሆነው የሚከበሩት ሃይማኖታዊ በዓላት የክርስቲያኑ ብቻ ነበሩ። የኮልፌ ሙስሊም ሠራተኛ በዒድ ቀን ፈቃድ ካላገኘ ከሥራ ገበታው ይቀመጥ ነበር፤ ልጁም ከትምህርት ቤት። ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የወጣው ታላቅ የሙስሊሞች ሰልፍ፣ ክርስቲያን ወገኖችም የተሳተፉበት፣ ከጠየቃቸው መብቶች አንዱ የበዓላት እኩልነት ነበር። ከለውጡ በኋላ በታኅሣሥ 1967 ዓ.ም. ዒድ አል ፈጥር፣ አረፋና መውሊድ የሕዝብ በዓላት ሆኑ። ይህ ውሳኔ በመንግሥት መዝገብ አንድ መስመር ነው፤ በኮልፌ ግቢ ውስጥ ግን አባት በዒድ ማለዳ ልጁን ይዞ ለሶላት መውጣቱ፣ ክርስቲያኑ ጎረቤትም ሥራ ዘግቶ «ዒድ ሙባረክ» ለማለት መቻሉ ነው።

ሥጋው የተለያየ ቢሆንም ማዕዱ ፈጽሞ አልተለያየም። ክርስቲያኑ ቤት ሙስሊም እንግዶች ሲጠራ ሙስሊሙን ጎረቤት በግ እንዲያርድለት ይለምናል፤ ድስቱም ሳህኑም ይለያል። ሙስሊሟ እናት የጾም ቀን እንደሆነ አስታውሳ ለጎረቤቷ ልጆች ያለ ቅቤ የተሠራውን ትልካለች። ዳቦው፣ ቡናውና ቄጤማው የሁሉም ነው። የጨረቃው አቆጣጠር በየዓመቱ ወደ 11 ቀን ያህል ስለሚቀድም ሁለቱ ጾሞች አልፎ አልፎ ይገናኛሉ። በ2015 ዓ.ም. ረመዳን ከዐቢይ ጾም ጋር ገጥሞ፣ ፋሲካ ሚያዝያ 8፣ ዒድ አል ፈጥር ደግሞ ሚያዝያ 13 ውሏል። በዚያ ዓመት በኮልፌ ሁለት ዋዜማዎች በአንድ ሳምንት ውስጥ ተከታተሉ፤ አንዱ ቤት የሰበሰበውን ድስት ሌላው ለመዋስ ጊዜው የተመቸ ነበር።

ከ1967 ዓ.ም. በኋላ ያሉት ዓመታት ለዋዜማ ሌላ መልክ ሰጡት። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ ለብዙ ተከራይ ቤተሰቦች የኪራዩን ሸክም አቀለለ፤ ቀበሌዎችም ተቋቋሙ። ቀጥሎ ግን የእህል ንግዱ በእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅት ቁጥጥር ሥር እየዋለ፣ ጦርነቱም እየበረታ ሲሄድ፣ ስኳር፣ ዘይት፣ ሳሙናና ጤፍ በኩፖን የሚታደሉ ነገሮች ሆኑ። የበዓል ዋዜማ ማለት በቀበሌው የኅብረት ሱቅ ፊት ለፊት ያለው ሰልፍ ሆነ። ከጎሕ በፊት የተቀመጠ ዘንቢል ወይም ድንጋይ ባለቤቱን ወክሎ ይሰለፍ ነበር። በዚያ ሰልፍ ላይ ጠብም ነበረ፣ ዕውቂያም ነበረ፤ የድስትና የጌሾ ብድር እዚያው ይዋዋሉበት ነበር። የማይበደረው ነገር ልጅ ነበር። ብሔራዊ የውትድርና አገልግሎት በ1975 ዓ.ም. ከታወጀ ወዲህ ብዙ የኮልፌ እናት ከዶሮው ብልት አንዱን፣ ከዳቦውም ቁራሽ፣ ለማይመጣ ሰው አስቀምጣለች። በየካቲት 1982 ዓ.ም. የቅይጥ ኢኮኖሚ ፖሊሲ ሲታወቅ የእህል ኮታው ቀረ፤ በ1983 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥቱ ተለወጠ። ሰልፉ አጠረ፤ በምትኩ የዋጋ ዝርዝሩ ረዘመ።

የኮልፌን ዋዜማ ከሌላው የአዲስ አበባ ሠፈር ለየት የሚያደርገው ሌላው ነገር ጉዞው ነው። ለመስቀል የጉራጌ ተወላጅ፣ ለአረፋ የስልጤና የጉራጌ ሙስሊም ወደ አገሩ ይወጣል። ሱቁ ይዘጋል፤ ጎዳናው ጭር ይላል፤ አውቶቡሱ ከላይም ከውስጥም ይሞላል። ወንዱ ለበሬው የሚሆነውን ገንዘብ፣ ሴቲቱም ለክትፎው የሚሆነውን ቅቤ ዓመቱን ሙሉ ሲያጠራቅሙ ከርመዋል። በ1950ዎቹ ዓመታት በተወላጆች መዋጮ የተቋቋመው የጉራጌ መንገዶች ሥራ ድርጅት ሲነሣ፣ የበዓሉ መንገደኛ በየዓመቱ የሚያውቀው ጭቃ አብሮ ሊታሰብ ይገባል። በስልጤ ባሕል ደግሞ የአረፋ ዋዜማ «የሴቶች አረፋ» ይባላል፤ በዕለቱ ዋናው ምግብ አተካና ነው። ዋዜማውን በሠሪዎቹ ስም የጠራ ባሕል ብዙ አይደለም።

ዛሬ ኮልፌ ጭቃውን እያራገፈ ነው። ከ1990ዎቹ ማገባደጃ ጀምሮ የተስፋፉት የጋራ መኖሪያ ቤቶች ሲሠሩ፣ ከፎቆቹ አጠገብ ለእርድ፣ ለእንጀራ መጋገሪያና ለልብስ ማጠቢያ የሚሆን የጋራ መገልገያ ቤት በፕላኑ ገብቷል። የበዓሉ በግ አርክቴክቱንም አስገድዷል ማለት ነው። በሌላ በኩል ቀድሞ የእርዱን ወጪ ይደጉም የነበረው የበግ ቆዳ ዋጋው ወድቆ በየመንገዱ ዳር ሲጣል ይታያል። የሸማቾች ማኅበራትና የእሑድ ገበያዎች የበዓል ዘይትና ሽንኩርት ያቀርባሉ። ሽንኩርቱን በመኪና ከትፎ፣ ዶሮውን ገንጥሎ የሚሸጥ አዲስ ሙያም ተፈጥሯል። ለበዓሉ ወጪ ደግሞ ከቤይሩት፣ ከሪያድና ከዱባይ ገንዘብ ይመጣል። ልኳ የምትልከው ብዙ ጊዜ የቤቱ ሴት ልጅ ናት፤ የምትሠራውም በሰው አገር፣ በሰው ጓዳ ነው። የእናቷ ሥራ በቤት ውስጥ ዋጋ ሳይወጣለት ኖሮ፣ የልጅቱ ተመሳሳይ ሥራ ባሕር ሲሻገር የበጉን ዋጋ ለመክፈል በቅቷል።

የኮልፌ ዋዜማ ታሪክ እንግዲህ ሁለት ነገር ያስተምራል። አንደኛው፣ መንግሥታት ቢለዋወጡ፣ ገበያው ቢጠፋ ቢወደድም፣ ተራው ሕዝብ በዓሉን ከእጁ አለመልቀቁ ነው፤ ለብቻው የማይችለውን በቅርጫ፣ በዕቁብ፣ በድስት ውሰትና በዳቦ ልውውጥ ችሎታል። ደስታውም ከዚህ የመነጨ ነው። የቡሄ ልጆች ሙልሙላቸውን ይዘው ከአጥር አጥር ሲሮጡ፣ ሴት ልጆች በዕንቁጣጣሽ አበባየሆሽ ሊሉ ሙስሊም ክርስቲያን ሳይሉ ደጅ ሲያንኳኩ፣ የተበደረውም ያበደረውም ቤት አንድ ዓይነት ሳቅ ይስቃል። ሁለተኛው ግን ያላለቀ ጉዳይ ነው። የቅርጫው ዕጣ በሬውን በግቢው አባወራዎች መካከል እኩል አካፍሏል፤ ከቤቱ ጓዳ ውስጥ ግን አልገባም። በአንዳንድ ቤት ወንዱ ሽንኩርት ሊልጥ፣ ልጁ ድስት ሊያጥብ መጀመሩ መልካም ምልክት ነው። ለቤት ሠራተኛዋ የበዓሉን ቀን ወደ ወገኖቿ መሸኘትም እንዲሁ።

የቲያትር ሰዎችና ሠዓሊዎች የበዓልን ቀን ደጋግመው አሳይተዋል፤ ነጭ ልብሱን፣ ችቦውን፣ ከበሮውን። ከዚያ በፊት ባለው ሌሊት በኮልፌ አንድ ጓዳ ውስጥ ድስት የምታማስለውን ሴት ግን ገና በቅጡ አላዩአትም። በሚቀጥለው ዋዜማ ከወጡ መዓዛ ቀድመው ወደ ጓዳው ቢዘልቁ፣ ሥራው ለስንት ሰው ሊካፈል ይችል እንደነበር መቁጠር ይጀምራሉ።